ከንፈር መጣጩ

ካርታ ተጫውቶ ከተሸነፈ ሰው ይልቅ የሚያሳዝነኝ ከጀርባው ሰው የቆመበት ተጫዋች ነው።

ራሴን ማለቴ ነው። እጃጂ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ካርታ ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ጡረተኛ ሾፌር ከየት መጡ ሳይባል ከኋላዬ ይቆማሉ። የጋቢያቸው ጫፍ ትከሻዬን ይነካኛል። ካርታዬን ገልጬ ሳልጨርስ እሳቸው አይተው ጨርሰዋል። ከዚያ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ምጽ!

ሌላ ቃል አይወጣቸውም። "ይሄን ጣል፣ ያንን ሳብ" ብለው አያውቁም፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ምጽ ብቻ። ችግሩ፣ ምጽ የምትባለው ነገር ጆሮ ላለው ሁሉ እኩል ትታደላለች። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ይሰማታል። በቀኜ ያለው ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ ሁላችንም "ቲቸር" የምንለው፣ ይሰማታል። ጓዳ ቡና የምትወቅጠው የሻይ ቤቷ ባለቤት እንኳ ሰምታ "ዛሬም ያው ነው?" ትላለች።

ከንፈር መምጠጥ ለኛ ሰው የማይሆንለት ነገር የለም። ለቅሶ ቤት ይመጠጣል፤ ብርጭቆ ሲሰበር ይመጠጣል፤ የዘይት ዋጋ ሲነገር ይመጠጣል። ጋሼ የምንላቸው እኚህ ሾፌር ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአዲስ አበባና በነቀምቴ መሀል የጭነት መኪና አመላልሰዋል። አምቦን፣ ጉደርን፣ የጌዶን ዳገት በዝናብም በጉምም ያውቁታል። ገደል የገባ አይተዋል፤ ፍሬን የበጠሰ አይተዋል። የሚያዝኑበት አላጡም። በእኔ ካርታ ላይ ማዘናቸው ነው የማይገባኝ።

ኮንከር ስንጫወት ጉዳቱ ይቻል ነበር። ካርታ እየሳቡ፣ እየጣሉ፣ እየገጣጠሙ መዋል ነው፤ የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል፤ ሻይ ከፍሎ የከሰረ ሰው ደግሞ አላየሁም። መከራው የመጣው ባለፈው ነሐሴ የእህቴ ልጅ ከሚኒሶታ መጥቶ "አጎቴ፣ ፖከር ላስተምራችሁ" ያለ ቀን ነው።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። መብራት ሄዷል። የልጁ ስልክ ባትሪ አልቆ ልጁ ራሱ ሊያልቅ ደርሷል። አማርኛው በአውሮፕላን ተንገላቶ የመጣ ነው፦ ጋሼን "አንተ" ይላቸዋል፣ እኔን "አንቱ"፣ የሻይ ቤቷን ውሻ "እርስዎ"። ሁላችንም ይቅር ብለነዋል። ውሻው ብቻ እስካሁን ግራ እንደተጋባ ነው።

"ብር ካለበት ቁማር ነው፤ ቁማር ደግሞ ከቤቴ አይገባም" አለች ባለቤቷ። ሁላችንም "አዴ" ነው የምንላት፤ አዴ ካለች አለች ነው። ስለዚህ በፍሬ ለመጫወት ተስማማን። የበቆሎ ፍሬ አንድ፣ ቦሎቄ አምስት፣ ዛላ በርበሬ ሃምሳ። መጨረሻ ላይ ያነሰው ለሁሉም አምቦ ውሃ ይገዛል።

በበቆሎ በኩል ድህነት አያውቀንም። ባኮ ከኛ ዝቅ ብሎ ቅርብ ነው፤ ገበሬው "ቢኤች" እያለ የሚጠራው ዘር የባኮ ሃይብሪድ ምህጻር ነው፣ ከዚያው ከምርምር ማዕከሉ የወጣ። ስመ ጥሩው ቢኤች 660 የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ላስ ቬጋስ ያሉት የሚቋመሩበት ጠፍጣፋ ክብ ነገር ስንት ዓመት እንደተደከመበት እንጃ፤ የኛው ግን ሳይንቲስት የደከመበት ነው። ሲርብም ይቆላል።

ልጁ ካርታውን በወዘ። አበዋወዙን ያየ ሰው ፓስፖርቱን በደንብ መመርመር ነበረበት።

"ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ እሰጣለሁ" አለ። "ለማንም አታሳዩ።"

ቀና ብዬ ጋሼን አየኋቸው። እሳቸው ወደ ዝናቡ ያያሉ።

"ከዚያ መሀል ላይ አምስት ካርታ ይገለጣል። መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ መጨረሻ አንድ። የሁሉም ነው። ከእጃችሁ ሁለትና ከመሀሉ አምስት ምርጥ አምስት ካርታ ያወጣ ይበላል። በየመሀሉ መጨመር፣ መክፈል ወይም ማጠፍ ትችላላችሁ። ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ የግድ ያስቀምጣሉ።"

"ሳያዩ?" አለ ልብስ ሰፊው።

"ሳያዩ።"

"መዋጮ በለን እንጂ! ምን ያስጨንቅሃል?"

እውነቱን ነው። ምን እንደሚደርሰን ሳናይ ያልከፈልነው ነገር ምን አለ?

ካርታ ሲባል እኛ አገር ሦስት ዓይነት መሆኑን ለልጁ ያስረዳነው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው። አንዱ ይሄ የሚበወዘው ነው። ሦስተኛው የቤት ካርታ ነው፤ የሚያዘው በአንድ እጅ ሳይሆን በፋይል ነው፤ የሚሰጠው ሰው ፊት ላይም ምንም አይነበብም። "ፖከር ፌስ!" አለ ልጁ ደስ ብሎት። የኛዎቹ የቢሮ ሰዎች ላስ ቬጋስን ሳያዩ ተክነውበታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የትኛው የትኛውን እንደሚበልጥ ተማርን። ጥንድ ባዶውን ይበላል። ሁለት ጥንድ አንዱን፣ ሦስት ተመሳሳይ ሁለት ጥንዱን። አምስት ተከታታይ ቁጥር ከዚያ ይበልጣል፤ አምስቱም አንድ ምልክት ከሆኑ ደግሞ ከተከታታዩ ይበልጣሉ። ሦስት ተመሳሳይ ከጥንድ ጋር ሲገናኝ ፉል ሀውስ ነው፤ ምልክቱን ይጥለዋል። አራት ተመሳሳይ ከሁሉም በላይ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል።

ይህ ትምህርት ሲሰጥ ጋሼ አልነበሩም። ለነገሩ ወሳኝ ስለሆነ ያዙልኝ። ከማዶ አንድ የጭነት መኪና ጎማው ተንፍሶ ቆሞ ነበርና፣ የሚቀይረው ልጅ ጀርባ ሊቆሙ ሄደዋል። ዝናቡን አልፋ ምጽ ስትል ሰምተናታል።

ልብስ ሰፊው አንድ ነገር አልዋጥ አለው። ቁጥር ተከታትሎ ከመምጣትና ምልክት አንድ ከመሆን የቱ ይከብዳል? ቲቸር መልሱን በማግስቱ በደብተር ይዞት መጣ። ከ52 ካርታ አምስት ሲወጣ የሚሆነው ሁሉ ተቆጥሮ 2,598,960 ነው። ከዚያ ውስጥ ተከታታዩ 10,200 ሲሆን፣ አንድ ምልክቱ 5,108 ብቻ። ብርቅ የሆነው ይበልጣል፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ከአሥር እስከ አስ በአንድ ምልክት ተሰልፎ የሚመጣበት መንገድ ደግሞ አራት ብቻ ነው። "ከግማሽ በላዩስ?" አልኩት። ደብተሩን ገለጠ። ከግማሽ በላዩ ምንም ነው። ጥንድ እንኳ የለበትም።

ስለዚህ፣ አለ ልጁ፣ የፖከር የመጀመሪያው ብልሃት ማጠፍ ነው። መጥፎ ሲደርስህ ካርታውን ደፍተህ፣ እጅህን አጣጥፈህ ሌላው ሲጫወት ማየት። ጎበዝ ተጫዋች ከሚደርሰው አብዛኛውን ያጥፋል።

ይህ ነገር ለኛ ከበደን። ማጠፍ እኛ ዘንድ ስሙ ጥሩ አይደለም። ቃሉን ያጠፈ ሰው ይወቀሳል፤ የተቸገረ ሰው ደግሞ ማጣፊያው አጠረኝ ይላል። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ያጥፋል እንጂ ካርታ ማጠፍ ሞቱ ነው፤ ሰባትና ሁለት ይዞ፣ ልጁ ከሁሉ የከፋ ነው ያለውን፣ እስከ መጨረሻ ይከፍላል። "ምናልባት ሰባት ይመጣ ይሆናል" ነው መልሱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ስለ ብራና ይመስለኝ ነበር። በዚያ ምሽት ሞኙም ወረቀቱም አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየሁ።

ሁለተኛው ብልሃት የዚህ ተቃራኒ ነው። ባዶ ይዞ ሙሉ መምሰል።

ልጁ የነገረንን ታሪክ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ ውስጥ በዓለም ትልቁ የፖከር ውድድር ላይ 839 ሰው ተሰለፈ። ከነሱ አንዱ ከቴነሲ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ በኢንተርኔት በተደረገ ርካሽ ማጣሪያ አልፎ የገባ። ስሙ ክሪስ መኒሜከር ይባላል፤ ትርጉሙ ገንዘብ ሠሪ። የአባቱ ስም ነው፤ የቀለደበት የለም። መጨረሻ ላይ ሳሚ ፋርሃ ከሚባል የታወቀ ባለሙያ ጋር ሁለቱ ብቻ ቀሩ። መኒሜከር በእጁ አንድ ጥንድ እንኳ የለውም፤ ያለውን ሁሉ ወደ መሀል ገፋው። ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዟል። አሰበ፣ ፊቱን አየው፣ አጠፈ። መኒሜከር ያንን ውድድር ጨርሶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ወጣ።

"ስምን መልአክ ያወጣዋል" አለች አዴ ረከቦቱ ጋ ሆና።

"ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም" አለ ቲቸር።

ልብስ ሰፊው ግን ብዙም አልገረመውም። "ይሄማ የበሬ ገበያ ነው" አለ። ልክ ነው። የእጃጂን ገበያ ያየ ሰው ፖከር ምን ይማራል? ገዢው በሬውን ዞሮ ያያል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ልቡ ከወደደው ፊቱን ያጠቁራል። "ከሲታ ነው" ይላል። ዋጋ ተጠርቶ ይሄዳል። ሻጩ አይጠራውም፤ እርምጃውን ይቆጥራል። ገዢው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል እንጂ ጆሮው እዚያው በሬው ቀንድ ላይ ነው። ማን ቀድሞ ይዞራል? ማን ቀድሞ "ና እስቲ" ይላል? አባቴ አንዴ ገዢ ጠርቶ አያውቅም ነበር። ሦስት ገበያ አመላልሶ የመለሰው በሬም ነበረን።

ብቻ አባቴ በሬ ሲሸጥ ከኋላው ምጽ የሚል ሰው አልነበረበትም።

የመጀመሪያው ምሽት ውርደት ነው። ጥሩ ስይዝ ጋሼ ከኋላዬ ዝም ይላሉ፤ ሁሉም ያጥፋል። መጥፎ ስይዝ ምጽ ይላሉ፤ ሁሉም ይጨምራል። ባዶ ይዤ ለማስፈራራት ሦስት ቦሎቄ ገፋ ሳደርግ ቲቸር ወደኔ እንኳ አያይም፤ ከጭንቅላቴ በላይ፣ ጋሼን ያያል። ሁለት መቶ ፍሬ ይዤ ገብቼ አሥራ አንድ ይዤ ወጣሁ። እሷንም አዴ ለዶሮ ሰጠቻት።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይባላል። እኔ ያያዝኩት ልክ ነበር፤ አልተናገርኩምም። ፈረዱብኝ።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ልጁ አደለ። የካርታዎቼን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ቀና አደረግኩ። ሦስትና ሦስት። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ።

ምጽ፣ አሉ ጋሼ።

ትንሽ ቁጥር ነዋ። ጋሼ ትልቅ ቁጥር ይወዳሉ። ትምህርቱ ሲሰጥ ጎማ ላይ ነበሩ።

ሁለት ሁለት ፍሬ ከፈልን። መሀል ላይ ሦስቱ ተገለጡ፦ ኪንግ፣ ኪንግ፣ ሦስት። ሦስቱ ቀይ ልብ ነው፤ ከኪንጎቹም አንዱ ቀይ ልብ። እኔ ዘንድ ሦስት ሦስቶችና ሁለት ኪንጎች ሆነ። ፉል ሀውስ፣ ገና ሁለት ካርታ ሳይገለጥ። ደሜ ጆሮዬ ላይ ይመታል።

ምጽ፣ ምጽ፣ አሉ ጋሼ፣ አሁን ከልባቸው አዝነው። ንጉሦቹ ሜዳ ላይ ወጥተው ለኔ የደረሰችኝ ያቺው ሦስት።

ቲቸር ጺሙ ውስጥ ፈገግ አለ። ኪንግ እንደያዘ ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ። ሁለት ቦሎቄ አስቀመጠ። ልብስ ሰፊው ሁለት ቀይ ልብ ይዟል፤ አንድ ቢጨመርለት አምስት ይሞላል። አንገቱን ወደ ቲቸር አዘንብሎ፣ ከባላጋራው ምክር ይጠይቃል፦ "ያላየናቸው ስንት ናቸው?"

"አርባ ሰባት" አለ ቲቸር። መምህርነት አይለቅም፤ ጡረታም አያወጣም። "የምትፈልገው ምልክት አሥራ ሦስት ነው፤ አራቱን ካየህ ዘጠኝ ቀርቷል። ዘጠኝ ለአርባ ሰባት፣ ከአምስት አንዴ ግድም። መሀል ላይ ሃምሳ ኖሮ አሥር ቢጠይቁህ ክፈል፤ ሃያ ብቻ ካለ አጥፍ።"

መሀል ላይ ሃያ እንኳ አልነበረም። ልብስ ሰፊው አመስግኖ ከፈለ።

አራተኛው ካርታ ዘጠኝ ሆነ፤ ለማንም አልጠቀመም። የመጨረሻዋን ካርታ ፈረንጆቹ ሪቨር፣ ወንዝ ይሏታል። የወንዝን ጠባይ እኛም እናውቃለን፤ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። የቀይ ልብ አምስት ወጣች። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው።

ቲቸር ያለውን ዛላ ሁሉ፣ አራቱን፣ በሁለት እጁ ወደ መሀል ገፋ። ከዚያ ዓይኑን አሸ።

ባኮ በርበሬንም ታውቅበታለች። ቲቸር መነጽሩን አወለቀ፤ እንባው ጉንጩን ይወርዳል፤ አፍንጫው ቀላ። ልብስ ሰፊው እንባውን አይቶ "ባዶ ይዞ ነው፣ ተጸጸተ" አለና ያለውን ሁሉ ጨመረ። እኔ ከኋላዬ ያለውን አንድ ጊዜ አዳመጥኩ። ምጽ! ያለኝን ሁሉ ገፋሁ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ካርታው ሲገለጥ የሳቀ አልነበረም። ቲቸር ሦስት ኪንግ፣ ልብስ ሰፊው አምስት ቀይ ልብ፣ እኔ ፉል ሀውስ። ልጁ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሁሉም ግን ያየው እኔን አይደለም። ጋሼን ነው።

"አሳሳቱን እኮ!" አለ ልብስ ሰፊው።

"እኔ ምን አልኩ?" አሉ ጋሼ። እውነትም ምን አሉ? "ሰው ሦስት ሦስት ይዞ ምን ይውጠዋል ብዬ ለሱ አዝኜ ነው።"

ቲቸር እንባውን በመሐረብ እየጠረገ ፍርድ ሰጠ፦ ጋሼ ከዛሬ ጀምሮ ይቀመጡ። ቆመው ከሚያዝኑ ተቀምጠው ይክፈሉ። እኔ በድሉ ሰክሬ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

ልጁ ካርታ ሲያድል ጋሼ የመጀመሪያውን ዙር አይተው ምጽ አሉ። አጠፉ። ሁለተኛውን አይተው ምጽ አሉ፤ ተጫወቱ፤ ሁለት አስ ይዘው ተገኙ። ሦስተኛውን ምጽ አሉ፤ ጨመሩ፤ ሁላችንም ሸሸን፤ ባዶ ነበሩ። ለመልካሙም ለክፉውም ያው ምጽ። የአንድ ሰው ፊት ተዘግቶ ሊነበብ ካልቻለ ደንብ ነው፤ እሳቸው ግን በየጊዜው ከፍተው እያሳዩን ነው ማንበብ ያቃተን።

ልጁ ስለ ጆን ፎን ኖይማን ያወራን ያን ጊዜ ነው። በሃንጋሪ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ጨዋታ ጽፎ፣ በ1944 ኦስካር ሞርገንስተርን ከሚባል የምጣኔ ሀብት ሰው ጋር ወፍራም መጽሐፍ አወጣ፤ ፖከር እዚያ ውስጥ ምዕራፍ አለው። ያገኘው ነገር፣ ባዶ ይዞ ማስፈራራት የብልግና ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ግዴታ መሆኑን ነው። ጭራሽ የማያስፈራራ ይነበባል፤ ሁልጊዜ የሚያስፈራራም ይነበባል። እያፈራረቁ ነው፣ ያውም በመካከለኛው ካርታ ሳይሆን በመጨረሻው መናኛ። ቲቸር ይህን ሲሰማ ደብተሩን አጠፈ። ጋሼ በጌዶ ዳገት ላይ ሳያውቁት ደርሰውበታል።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ አብዛኛው በርበሬ ጋሼ ፊት ተከመረ። እኔ የምቀመጥበት የለኝም፤ ፍሬዬንም ለጋሼ አስረክቤያለሁ። ዝናቡ አባራ። አዴ ፋኖስ አምጥታ ከጠረጴዛው በላይ ሰቀለች። ቆሜ ስዞር የት እንደቆምኩ አላስተዋልኩም።

ልጁ አደለ። ጋሼ ካርታቸውን ቀና አደረጉ፣ ምጽ አሉ፣ የተከመረውን ዛላ በሙሉ ወደ መሀል ገፉት። ልብስ ሰፊው ግንባሩን አሸ። ቀሪ ሀብቱ ሁለት ዛላና እፍኝ በቆሎ ነው። ሊያጥፍ ካርታውን ደፋ አደረገ።

እኔ የጋሼን ካርታ አይቻለሁ። ሰባትና ሁለት፤ ምልክታቸውም ለየቅል።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ምንም አላልኩም። ከንፈሬ ግን ራሷን ችላ፣ ከአፌ ተነጥላ፣ ምጽ አለች።

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። ጋሼን አላየም። ከጭንቅላታቸው በላይ አየኝ።

"እከፍላለሁ" አለ።

ጋሼ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዞሩ። የጋቢዬ ጫፍ ትከሻቸው ላይ ነበር። ትንሽ ቆይተው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ጨዋ ሰው ናቸው።